የዒላማ ጠመንጃ መነጽር፦ ከማጉላት በፊት መጽናት

በዒላማ ጠመንጃ ላይ የሚገጠመው መነጽር፣ ተኳሾች ስኮፕ የሚሉት፣ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ሩቁን ማቅረብ ነው። ሁለተኛው ዓይን ያረፈበትንና ጥይቱ የሚያርፍበትን ነጥብ አንድ አድርጎ፣ ከመጀመሪያው ተኩስ እስከ መጨረሻው ሳይናወጥ ማቆየት ነው። ገዢ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ በመነጽሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ባደገ መጠን ልቡ ወደዚያ ያዘነብላል። በውድድር ነጥብ የሚያስጥለው ግን በአብዛኛው የሁለተኛው ሥራ መጓደል ነው። ዋጋው ዝቅ ባለ መነጽር ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ብዙ ማጉላትን በርካሽ መሥራት ይቻላል፣ ጽናትን በርካሽ መሥራት ግን ከባድ ነው።

የዒላማ ተኩስ በክለብ ተደራጅቶ፣ መነጽሩም እንደ ማንኛውም የስፖርት ዕቃ በሱቅ ከሚሸጥባቸው አገሮች ዋነኛዋ አሜሪካ ናት። በዚያ ገበያ ከ6 እስከ 24 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ መነጽር ከ300 እስከ 500 ዶላር ባለው ዋጋ ይገኛል። የቮርቴክስ ዳይመንድባክ ታክቲካል እና የአትሎን አርጎስ የዚህ መደብ የታወቁ ምሳሌዎች ናቸው። በላይኛው ጫፍ ያሉት፣ እስከ 55 ጊዜ የሚያጎላው ናይትፎርስ ኮምፒቲሽን ወይም በጃፓን የሚሠራው እስከ 60 ጊዜ የሚያጎላው ማርች፣ ከ2,000 ዶላር በላይ ያስወጣሉ። በሁለቱ መካከል እንደ ሳይትሮን ያሉ አሉ።

ተራው ሰው የሚደርስበት መነጽር የማቅረቡ ጥረት ረጅም ዕድሜ አለው። ዊልያም ዊቨር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930 ሞዴል 330 የተሰኘውን፣ ሦስት ጊዜ ገደማ የሚያጎላ ቀጭን መነጽር አወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፋብሪካውን ወደ ኤል ፓሶ፣ ቴክሳስ አዛውሮ፣ ከአውሮፓ ይመጣ የነበረውን የባለጸጋ ዕቃ በደመወዝተኛው እጅ አስገባው። በዊቨር ስም የተሸጠው ቲ-36 ከጊዜ በኋላ ኪሱ ሳሳ ያለው የውድድር ተኳሽ ለብዙ ዓመታት የተማመነበት ዕቃ ሆኗል። ቲ-36 ቁጥሩ አይቀያየርም፤ ሁልጊዜ 36 ጊዜ ብቻ ያጎላል። ማጉሊያው ባለመንቀሳቀሱ በውስጡ ሊላላ የሚችለው ክፍል ያነሰ ነው፤ ክብደቱም ግማሽ ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ማጉላቱ የማይለዋወጥ መነጽር ዛሬ በሱቆች እየጠፋ መምጣቱ የሚያሳዝን ነው፤ ለተመሳሳይ ገንዘብ የተሻለ ጽናት የሚሰጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነበርና።

ምን ያህል ማጉላት ያስፈልጋል የሚለው በየትኛው ስፖርት ይተኮሳል በሚለው ይወሰናል። ቤንችሬስት በሚባለው ውድድር ጠመንጃው በጠረጴዛ ላይ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ፣ ብዙውን ጊዜ በ100 እና በ200 ያርድ፣ አምስት ጥይት በተቻለ መጠን በአንድ ቀዳዳ ለማሳለፍ ይተኮሳል። እዚህ ተኳሹ የሚያነጣጥርበትን የመስመር ጠርዝ በሚሊ ሜትር ደረጃ ማየት ስለሚፈልግ 36፣ 40፣ 45 ጊዜ የሚያጎሉ መነጽሮች የተለመዱ ናቸው። ኤፍ-ክላስ የሚባለው ደግሞ ተኳሹ በደረቱ ተኝቶ እስከ 1,000 ያርድ፣ ማለትም እስከ 914 ሜትር፣ የሚተኩስበት ነው። ኤፍ የተባለው በካናዳዊው ጆርጅ ፋርኩሃርሰን ስም ነው። እርጅና ዓይኑን ያደከመበት ተኳሽ በመነጽርና በድጋፍ ስፖርቱን እንዲቀጥል የታሰበ ነበር፤ ዛሬ ግን ወጣቱም ሽማግሌውም የሚወዳደርበት ሆኗል። በአሜሪካው የኤፍ-ክላስ ዒላማ ላይ የ10 ነጥቡ ክብ በ1,000 ያርድ ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በውስጡ ያለው ትንሹ ክብ የዚያ ግማሽ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ስሌት ገንዘብ ያድናል። ጤነኛ ዓይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር አንድ የማዕዘን ደቂቃ ያህል ነው። የማዕዘን ደቂቃ የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ክፍል ሲሆን በ100 ሜትር ርቀት ላይ 2.9 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል። ስድስት ሚሊ ሜትር የሆነ የጥይት ቀዳዳ በ100 ሜትር የዚህ አንድ አምስተኛ ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ 5 ጊዜ ማጉላት ይበቃዋል። ሜዳ ላይ ግን ብርሃኑ፣ የቀለሙ ንፅፅርና የተኳሹ እስትንፋስ ስላሉ ቀዳዳውን ያለ ጭንቀት ለማየት ከ15 እስከ 20 ጊዜ ማጉላት ያስፈልጋል። በ300 ሜትር ይህ በሦስት ይባዛል። በ1,000 ያርድ ማንም በጠመንጃ መነጽሩ ቀዳዳ ለማየት አይሞክርም፤ ዒላማው በጉድጓድ ባሉ ሰዎች ወርዶ፣ ጥይቱ በገባበት ላይ ምልክት ተሰክቶ ይወጣል፣ ወይም ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው ውጤቱን ያሳያል። ስለዚህ ቀዳዳ ለማየት ብሎ ለሩቅ ተኩስ ትልቁን ቁጥር መግዛት ምክንያት የለውም።

የፊት ሌንሱም ወሰን አለው። የብርሃን ጠባይ ራሱ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ2.3 የማዕዘን ሰከንድ ያነሰ ዝርዝር እንዳይለይ ያግደዋል። ዓይን የሚለየው አንድ ደቂቃ፣ ማለትም 60 ሰከንድ ያህል ነው፤ ስድሳን ለ2.3 ማካፈል 26 ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚያጎላ ባለ 50 ሚሊ ሜትር መነጽር ምስሉን ያሰፋዋል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይጨምርበትም። የሰፋ ምስል በመነጽሩ ውስጥ የሚታየውን የማነጣጠሪያ መስቀል በትክክል ለማሳረፍ ይረዳል፣ ቤንችሬስቶች የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው፤ ሆኖም ከ24 ወደ 50 ለመዝለል የሚከፈለው ገንዘብ የሚገዛው ከታሰበው ያነሰ ነው። ከመነጽሩ የሚወጣው የብርሃን ክብም ይጠብባል። ስፋቱ የሚገኘው የፊት ሌንሱን በማጉሊያው ቁጥር በማካፈል ነው፦ 50 ለ10 ሲካፈል 5 ሚሊ ሜትር፣ 50 ለ24 ሲካፈል 2.1፣ 50 ለ50 ሲካፈል ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር። በቀን ብርሃን የሰው የዓይን ብሌን ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ስለሚከፈት በ50 ጊዜ ማጉላት ምስሉ ይጨልማል፤ ጭንቅላት ትንሽ ሲዛነፍም ጥቁር ጥላ ይጋርደዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ሐሩር ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታግለው የሚነሣው ሞቃት አየር ብርሃንን እያጠፈ የዒላማውን ምስል እንደ ወራጅ ውሃ ያርገበግበዋል። በፊኒክስ፣ አሪዞና በሚገኘው የቤን ኤቨሪ ሜዳ የተኮሰ ሁሉ ይህን በደንብ ያውቀዋል። መነጽሩ ዒላማውን ባጎላ ቁጥር መርገብገቡንም አብሮ ያጎላል፤ በዚህ ጊዜ ብዙ ተኳሾች ቁጥሩን ወደ 20 ገደማ ይመልሱታል። መርገብገቡ የነፋሱን አቅጣጫ ስለሚያሳይ ለሚያውቅበት መረጃ ነው፤ እሱንም ለማንበብ መጠነኛ ማጉላት ይሻላል። ትንሽ ማጉላት ብዙ እንደሚሠራ ሌላም ማሳያ አለ፦ የአሜሪካ ቤንችሬስት ሃንተር የሚባል ምድብ አለው፤ በደንቡ ከ6 ጊዜ በላይ የሚያጎላ መነጽር አይፈቀድም። በዚያ ምድብ የሚወዳደሩት በ200 ያርድ ላይ በ6 ጊዜ ማጉላት የሚያስደንቅ ነጥብ ያስመዘግባሉ።

ስለ መስታወቱ ጥራት ሻጮች ብዙ ይናገራሉ፤ ቁም ነገሩ አጭር ነው። ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጽ ከሚገባው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ወደ ኋላ ያንጸባርቃል። ዓሥራ ስድስት ገጽ ባለው መነጽር ውስጥ ግማሽ ያህሉ ብርሃን በመንገድ ይቀራል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመን የዛይስ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ነጸብራቅን የሚቀንስ ስስ ሽፋን ፈጠረ፤ ዛሬ ርካሽ የሚባለው መነጽር ሳይቀር አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ገጹ በብዙ ድርብ የተሸፈነ ነው። ዋጋው ዝቅ ያለው የሚለየው በቀለም ጠርዝ ነው፦ በነጭ ወረቀት ላይ ያለው ጥቁር ክብ ዳር ዳሩን ወይን ጠጅ ወይም አረንጓዴ ይለብሳል፣ ይህም ቁጥሩ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ይበረታል። መነጽር የሚፈተነው በሱቅ መብራት ሳይሆን ደጅ ወጥቶ፣ በከፍተኛው ቁጥሩ፣ ሩቅ ባለ የተጻፈ ነገር ላይ ነው። ከ20 በላይ ሲሆን ፊደሉ ሊጥ የሚሆንበት መነጽር በእውነቱ የ20 መነጽር ነው።

የጽናት ጉዳይ ያለው በቱቦው ውስጥ ነው። በውጪው ቱቦ ውስጥ ምስሉን የሚያቀና ሌላ ትንሽ ቱቦ አለ። የከፍታና የጎን ማስተካከያ ቁልፎቹ ይህን ትንሽ ቱቦ በአንድ በኩል ይገፉታል፤ በሌላው በኩል ሞላ ተቃውሞ ይይዘዋል። ቁልፉ ቀጭ ባለ ቁጥር፣ ያችን አንዲት እርምጃ ተኳሾች ክሊክ ይሏታል፣ ትንሹ ቱቦ ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ባነሰ መጠን ይንቀሳቀሳል። ሞላው የደከመ ወይም የብሎኑ ጥርስ ሻካራ ከሆነ ቁልፉ ቀጭ ይላል፣ ቱቦው ግን አይከተልም፤ ከሁለት ተኩስ በኋላ በጠመንጃው ርግጫ ተነቃንቆ በድንገት ቦታውን ይይዛል። ተኳሹ ነፋሱን ይከሳል፣ ጥይቱን ይከሳል፣ ራሱን ይከሳል። የውድ መነጽር ዋጋ አብዛኛው የተከፈለው ይህ እንዳይደርስ ነው። በነገራችን ላይ በሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ስለሚረግጥ ብዙ ርካሽ መነጽር የሚሰብረው እሱ ነው፤ ለአየር ጠመንጃ የሚገዛ ሰው መነጽሩ ለዚያ የተሠራ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

ክሊክ በሁለት መለኪያ ይቆጠራል። አንዱ የማዕዘን ደቂቃ ሲሆን ሩብ ደቂቃ የምትንቀሳቀስ ክሊክ በ100 ሜትር 7.3 ሚሊ ሜትር፣ የደቂቃ አንድ ስምንተኛ የሆነችው ደግሞ 3.6 ሚሊ ሜትር ታንቀሳቅሳለች። ሌላው ሚል ነው፤ አንድ አሥረኛ ሚል በ100 ሜትር ልክ 1 ሳንቲ ሜትር ነው። በሜትር ላደገ አንባቢ ሚል ይቀልላል፤ ለቤንችሬስት ግን ስምንተኛዋ ክሊክ ትመረጣለች። የቱም ቢሆን ቁልፉና በመስቀሉ ላይ ያለው መሰፈሪያ በአንድ መለኪያ መሆን አለባቸው። የመስቀሉ ዓይነትም ሁለት ነው። በፊተኛው የምስል ስፍራ የተቀመጠ መስቀል ከምስሉ ጋር አብሮ ያድጋል፣ ያንሳልም፤ መሰፈሪያው በማንኛውም ቁጥር እውነት ይናገራል፣ መስመሩ ግን ሲጎላ ይወፍራል። በኋለኛው የተቀመጠው መጠኑ አይለወጥም፤ ቀጭን ሆኖ ይቆያል። ርቀቱ የታወቀና የማይለዋወጥ በሆነበት የወረቀት ዒላማ ላይ የኋለኛው ይሻላል፤ ብዙ ጊዜም ዋጋው ያነሰ ነው።

ፓራላክስ የሚባለው ስሕተት የሚመጣው የዒላማው ምስልና መስቀሉ በአንድ ስፍራ ሳያርፉ ሲቀሩ ነው። ተኳሹ ጭንቅላቱን ትንሽ ሲያንቀሳቅስ መስቀሉ በዒላማው ላይ የሚሸራተት ከመሰለው ችግሩ አለ ማለት ነው። ለ100 ሜትር ተስተካክሎ በተዘጋና የፊት ሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር በሆነ መነጽር፣ ዓይን ወደ ዳር ሲዛነፍ ስሕተቱ በ50 ሜትር እስከ 1 ሳንቲ ሜትር፣ በ300 ሜትር ደግሞ እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ብዙ የሚያጎላ መነጽር በጎኑ ወይም በፊት ሌንሱ ላይ የፓራላክስ ማስተካከያ ከሌለው ለዒላማ ተኩስ አይሆንም። በማስተካከያው ላይ የተጻፈው የርቀት ቁጥር ግምት ነው፤ የሚታመነው ጭንቅላትን አንቀሳቅሶ ማየት ነው። ከዚያም በፊት የዓይን ሌንሱ ይስተካከል፦ መነጽሩ ወደ ነጭ ግድግዳ ወይም ፀሐይ ወደሌለችበት ሰማይ ዞሮ፣ መስቀሉ በመጀመሪያ እይታ ጥርት እስኪል ድረስ ይዞራል። ይህን የዘለለ ሰው የፓራላክስ ቁልፉን ሲያዞር ይውላል።

የቱቦ ስፋት አንድ ኢንች ወይም 30 ሚሊ ሜትር መሆኑ ብርሃን ይጨምራል ተብሎ ይታመናል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ለትንሹ ቱቦ መንቀሳቀሻ ቦታ መስጠቱ ነው። ባለ .308 ጠመንጃ በ100 ያርድ ከተስተካከለ በኋላ 1,000 ያርድ ለመድረስ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ከፍታ ይፈልጋል። በጠቅላላው 60 ደቂቃ የሚንቀሳቀስ መነጽር በጠመንጃው ላይ ባለ ቀጥ ያለ መቀመጫ ሲገጠም ወደ ላይ የሚቀረው ግማሹ፣ 30 ደቂቃ ብቻ ነው፤ አይደርስም። መፍትሔው ሌላ መነጽር መግዛት አይደለም፤ 20 ደቂቃ ያዘነበለ መቀመጫ መግጠም ነው፣ ያኔ 50 ደቂቃ ይገኛል። መነጽሩን አቅፈው በሚይዙት ቀለበቶች ላይ ገንዘብ መቆጠብ ግን ትርፍ የለውም። የቀለበት ብሎኖች ጥብቀት ብዙውን ጊዜ ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ስለሆነ ጥብቀት የሚለካ ካቻቢቴ መጠቀም ይገባል፤ በእጅ ግምት የጠበቀ ቀለበት ቱቦውን ይጨፈልቅና ውስጡን ያንቃል። ከዚህ ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው በቱቦው ላይ የምትታሰር ትንሽ ውሃ ልክ ናት። ጠመንጃው በ1,000 ያርድ ተኩስ ላይ አንድ ዲግሪ ብቻ ወደ ጎን ቢያዘነብል ጥይቱ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሄዳል፤ ያ ደግሞ ከ10 ነጥቡ ክብ ያስወጣዋል። ክብደትም ይታሰብ፦ በኤፍ-ክላስ ደንብ የክፍት ምድብ ጠመንጃ ከነመነጽሩ ከ10 ኪሎ፣ ኤፍ-ቲአር የሚባለው ደግሞ ከ8.25 ኪሎ ማለፍ አይችልም።

ያገለገለ መነጽር መግዛት ብልህነት ሊሆን ይችላል። ቮርቴክስና ሉፖልድን የመሰሉ አምራቾች የዕድሜ ልክ ዋስትናቸው ለሁለተኛ ባለቤትም ይሠራል፤ በተመሳሳይ ዋጋ ዋስትናው ከፊተኛው ገዢ ጋር የሚቀር አዲስ ዕቃ ከመግዛት ይሻላል። በኢንተርኔት ላይ በግማሽ ዋጋ የሚቀርብ የታወቀ ስም ግን ፎርጅድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በአሜሪካ የሚኖር አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል፦ የጠመንጃ መነጽር በአሜሪካ የወጪ ንግድ ሕግ ቁጥጥር ካለባቸው ዕቃዎች አንዱ ነው፣ እንደ ስጦታ ዕቃ ሻንጣ ውስጥ ተጥሎ ወደ ኢትዮጵያ አይኬድም። በአገር ቤትም የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ነው።

መነጽሩ ከተገዛ በኋላ የሚቀረው ፈተና ነው። በሜትር ተለክቶ 100 ሜትር ላይ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም ሰሌዳ ይቆማል፤ በላዩ በቱምቢ የተስተካከለ ቀጥ ያለ መስመርና የሳንቲ ሜትር ምልክት ይሠመርበታል። ርቀቱ ያርድ ሆኖ ሜትር ነው ቢባል 100 ያርድ 91.44 ሜትር ስለሆነ ውጤቱ 9 በመቶ ያህል ይዛባል። ጥይት የሌለበት መሆኑ ተረጋግጦ ጠመንጃው በሞርሳ ይያዛል፤ መስቀሉ በሰሌዳው ዜሮ ላይ ያርፋል። ቁልፉ 10 ሚል ሲዞር መስቀሉ ልክ 100 ሳንቲ ሜትር መሄድ አለበት፤ በደቂቃ ለሚቆጠረው 30 ደቂቃ 87.3 ሳንቲ ሜትር ነው። ከመስመሩ ወደ ጎን ከሸሸ መስቀሉ ተጣሞ ተገጥሟል። ከዚያ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ አምስት ስድስት ጊዜም ይደጋገማል። ሁልጊዜ 98 ሳንቲ ሜትር የሚሄድ መነጽር ችግር የለበትም፤ የ2 በመቶ ጉድለቱ በስሌት ይሸፈናል። አንዴ 98፣ አንዴ 101 የሚሄደው፣ ወይም ወደ ዜሮ ሲመለስ ሌላ ቦታ የሚያርፈው ግን የቱንም ያህል ቢያጎላ መመለስ አለበት። ፈተናው ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም፣ አንዲት ጥይትም አይተኮስበትም፤ ስለዚህ ገዢው የሱቁ የመመለሻ ቀን ሳያልፍ፣ ደረሰኙ በእጁ እያለ ይፈትነው።